ትልልቆቹን ሙዚየሞች ተዉና እንግዳ የሆኑትን ንገሩኝ

የጣና ዳር ልጅ (ባሕር ዳር)፦
ሰላም ለሁላችሁ። በቅርቡ ለሥልጠና ወደ ቪየና እሄዳለሁ፤ መካከል ላይ ነፃ ቀን አለኝ። የጠየቅሁት ሰው ሁሉ የሚነግረኝ ስለ ቤተ መንግሥቱና ስለ ሥዕል አዳራሾቹ ነው። «ይህን ሳታይ ከተመለስህ እንዳልሄድህ ቁጠረው» ይሉኛል። እውነቱን ለመናገር እኔ በትልልቅ ሙዚየሞች ውስጥ ከሁለተኛው አዳራሽ በኋላ ዓይኔ የሚፈልገው ሥዕል ሳይሆን ወንበር ነው። ባለ ወርቅ ክፈፉ ሁሉ አንድ ይሆንብኛል።

እኔ የምፈልገው ሌላ ነው። አንድ ግትር ሰው ዕድሜውን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ሲሰበስብ ኖሮ፣ ጎረቤቱ «አበደ» ሲለው ቆይቶ፣ በመጨረሻ በሩን ከፍቶ «ኑ እዩ» ያለበትን ቤት ማየት እወዳለሁ። ከጎጃም ወጥታችሁ ለትምህርት፣ ለንግድና ለሥራ ዓለምን የዞራችሁ እዚህ ብዙ ናችሁ። እንዲህ ያለ ቦታ ገብታችሁ ከሆነ ጻፉልኝ። ሁለት ነገር አደራ፦ ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጆች አቆጣጠር አድርጉት፤ ደግሞም በእግራችሁ የገባችሁበትን ብቻ ንገሩኝ።

የማርቆስ መምህር (ደብረ ማርቆስ)፦
እንግዲያውስ ከመጸዳጃ ቤት እንጀምር። ሕንድ አገር ለሦስተኛ ዲግሪ ስማር ኒው ደልሂ ውስጥ በፓላም በኩል ያለውን የሱላብ የመጸዳጃ ቤት ሙዚየም አይቻለሁ። መግቢያው በነፃ ነው። ሰው ሁሉ እየሳቀ ይገባል፤ እኔም እየሳቅሁ ነው የገባሁት።

ሙዚየሙን ያቋቋመው ቢንደሽዋር ፓታክ ይባላል፤ ያረፈው በ2023 ነው። በልጅነቱ ከ«አይነኬዎቹ» (በሕንድ የዘር ደረጃ ከሁሉ በታች ከሚቆጠሩት) ወገን የሆነች ሴት ነካህ ተብሎ፣ ያነጹኛል በተባሉ ነገሮች፣ በእበት፣ በአሸዋና በጋንጅስ ውኃ፣ አፉን ያስሞላችው አያቱ ነበረች። ካደገ በኋላ የሰው ሰገራ በእጃቸው እየዛቁ የሚሸከሙትን ሰዎች ከዚያ ሥራ ለማውጣት በ1970 ሱላብን መሠረተ። ሙዚየሙን የከፈተው በ1992 ነው።

ታሪኩ ከ4,500 ዓመት በፊት በኢንደስ ሸለቆ ከተሞች ከነበሩት የፍሳሽ ቦዮች ይጀምራል። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ መቀመጫው ሥር ቀዳዳ ያለው ዙፋን ነበረው ይባላል፤ ቅጂው እዚያ ቆሟል። ሲያዩት የተደራረቡ ትልልቅ መጻሕፍት የሚመስል፣ ሲከፍቱት ግን ሌላ ሆኖ የሚገኝም አለ። መምህር ስለ ሆንሁ ይህ ትንሽ ከበደኝ።

እኔን የያዘኝ ግን ጓሮው ነው። ፓታክ ያስፋፋው መጸዳጃ ሁለት ጉድጓድ አለው። አንዱ ሲሞላ ይዘጋና ፍሳሹ ወደ ሁለተኛው ይዞራል። የተዘጋው ሁለት ዓመት ገደማ ካረፈ በኋላ ሽታ የሌለው ማዳበሪያ ሆኖ ይወጣል፤ ማንም በእጁ ሰገራ አይነካም። የእኛ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ስንት ጉድጓድ አስቆፍረዋል! የመጀመሪያው ሲሞላ ግን ገበሬው ምን ያድርግ? ሲሆን ያየሁት፣ ሞላ ተብሎ ተትቶ ቤተሰቡ ተመልሶ ወደ ጫካ ሲወጣ ነው። ለዚህ መልሱን ያገኘሁት ከቤተ መጻሕፍት ሳይሆን ከዚያ ጓሮ ነው። በግቢው ከሕዝብ መጸዳጃ በሚወጣው ጋዝ ምግብ ይበስላል። ሻይ ቀረበልኝ፤ ምን አፈላው ብዬ ሳልጠይቅ ጠጣሁ።

የቡሬ ነጋዴ (ቡሬ)፦
ጋሼ መምህር፣ አገር አቋርጠው ሄደው ያዩት መጸዳጃ ቤት ነው? ታጅ ማሃልን ለማን ተዉት?

የማርቆስ መምህር፦
ታጅ ማሃልንም አይቻለሁ፤ በብዛት ያየሁት ግን ከፊቴ የተሰለፈውን ሰው ትከሻ ነው። ደግሞ አትሳቅ። አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ካለው ሙዚየም ስትገባ ጎብኚው ቆም የሚለው የት ነው? የጃንሆይ መኝታና መታጠቢያ ክፍል በር ላይ። ሰው ዘውዱን በአክብሮት ያያል፤ መታጠቢያ ገንዳውን ግን አንገቱን አስግጎ ነው የሚያየው።

የሞጣዋ (ሞጣ)፦
እናንተ በትምህርትና በንግድ ነው የሄዳችሁት፤ እኔ በቤት ሠራተኝነት ነው ሊባኖስ የኖርሁት። ሙዚየም የሚባል ነገር ለእኛ የታሰበ አልነበረም። አንድ ጊዜ ግን የምሠራበት ቤት ሰዎች ልጆቹን ይዤ አብሬአቸው ሰይዳ ከተማ እንድሄድ አደረጉ። እነሱ ባሕሩ ዳር ያለውን ግንብ ሊያዩ ሲሄዱ ልጆቹ ፀሐይ በረታባቸውና አሮጌው ገበያ ውስጥ ጥላ ፍለጋ ገባን። ያገኘነው በር የሳሙና ሙዚየም ነበር።

ቤቱ በድንጋይ የተሠራ፣ ቅስት በቅስት የሆነ፣ ድሮ የሳሙና መሥሪያ የነበረ ነው፤ ከ2000 ጀምሮ ለጎብኚ ክፍት ሆነ። የወይራ ዘይቱ ከሶዳ ጋር በትልቅ ጋን ሲፈላ፣ ከዚያ ወለሉ ላይ ሲፈስስ፣ ሲረጋ ደግሞ ሲቆረጥና ማኅተም ሲመታበት በየተራ ያሳያሉ። በጣም የወደድሁት የሚደርቅበትን ነው። ሳሙናውን አንዱን በአንዱ ላይ እየደረደሩ፣ መሐሉ ባዶ የሆነ፣ ነፋስ የሚያሳልፍ ክብ ማማ ይሠሩለታል። ከእኔ ቁመት ይበልጣል። ልጆቹ እንዳይገፉት ሁለቱንም በእጄ አንቄ ይዤ ነው የዞርሁት።

እዚያ ቆሜ እናቴን አሰብሁ። ነጠላና ጋቢ በእንዶድ እያጠበች ነው ያሳደገችን። የእንዶድ አጣጣብ በወጉ የሚታወቅ፣ ሥርዓት ያለው ሥራ ነው፤ ፍሬው መቼ እንደሚለቀም፣ እንዴት እንደሚደርቅና እንደሚወቀጥ የሚያውቁት እናቶች እያለቁ ነው። ለሳሙና ማማ ከተሠራለት ለእንዶድ አንድ ጎጆ አያንስም ነበር።

የላብራቶሪ ሰው (ዳንግላ)፦
እቴ የሞጣዋ፣ እጅሽ ይባረክ። እንዶድ ካነሣሽ አይቀር እኔም ልቀጥል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ስለ ሆነ ነገሩን ይዞ ተመራመረ፤ በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘበት። እኛ ጣና ዙሪያ ቢልሃርዚያን በየዕለቱ በማይክሮስኮፕ የምናይ ሰዎች ስሙን እናነሣለን።

እንግዳ ሙዚየም ከተባለ የእኔ የቶኪዮው ነው። ሜጉሮ በሚባለው ሰፈር የጥገኛ ትላትል ሙዚየም አለ። ሳቶሩ ካሜጋይ የሚባል ሐኪም በ1953 ያቋቋመው ነው፤ መግቢያ አያስከፍልም። በብልቃጥ ውስጥ 300 ያህል ናሙና ተደርድሯል። ከሁሉ የሚታወቀው ከአንድ ሰው ሆድ የወጣው 8.8 ሜትር የኮሶ ትል ዓይነት ነው። ሰውየው ያገኘው ጥሬ ዓሣ በልቶ ነው። አጠገቡ እኩል ርዝመት ያለው ጥብጣብ ተሰቅሏል፤ ጎብኚ እየዘረጋ ይለካዋል። ወጣት ጥንዶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲያዩት አገኘሁ፤ ቶኪዮ ውስጥ ለፍቅረኞች የታወቀ ቦታ ነው መሰለኝ።

ጃፓኖቹ ዓሣ፣ እኛ ጥሬ ሥጋ። የእኛው ትል ከበሬ ሥጋ የሚመጣ ሌላ ዓይነት ነው፤ ጠባዩ ግን ያው ነው። አያቶቻችን በየሁለት ወሩ ኮሶ መጠጣታቸው በከንቱ አልነበረም። ከዚያ ቤት ከወጣሁ በኋላ ቁርጥ አልበላሁም ብል ውሸት ይሆናል፤ ቁርጡን ግን በብርሃን አገላብጬ አያለሁ።

የእንጅባራ ፈረሰኛ (እንጅባራ)፦
ምሳ እየበላሁ ነበር። ስለ ማስጠንቀቂያው አመሰግናለሁ።

ሹሩባ (ባሕር ዳር)፦
ቱርክ ስትሄዱ ካፓዶቅያን የማያይ የለም፤ ሰው ጭኖ በሚበርረው ፊኛ ላይ ፎቶ ይነሣል። እኔ አቫኖስ በሚባለው ከተማ የሴቶች ፀጉር ሙዚየም ገብቻለሁ። ከተማው በሸክላ ሥራ የታወቀ ነው፤ ሸክላው የሚወጣው ቀይ ወንዝ ከሚሉት ነው። ጋሊፕ የሚባል ሸክላ ሠሪ በ1979 አንዲት ወዳጁ ስትለየው ለመታሰቢያ ከፀጉሯ ቆርጣ ሰጠችው። እሱም ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ታሪኩን የሰሙ ሴቶች እነሱም እየቆረጡ ሰጡት። አሁን ከሱቁ ሥር ባለው ዋሻ ውስጥ ከ16,000 በላይ ሴቶች ፀጉር፣ ከነስማቸውና ከነአድራሻቸው በወረቀት ተጽፎበት፣ ከጣሪያው ተንጠልጥሏል። ራስን ዝቅ አድርጎ ነው የሚታለፈው። ቢጫው፣ ጥቁሩ፣ ሽበቱ ፊት ይነካል።

መቀስና ወረቀት ተቀምጧል፤ የፈለገች ቆርጣ ትሰቅላለች። አብረውኝ የነበሩት ሁሉ ቆረጡ።

የቡሬ ነጋዴ፦
አንቺስ?

ሹሩባ፦
እኔ ጎጃም ተወልጄ? እናቴ ሹሩባዬን በፈታች ቁጥር የወደቀውን ፀጉር አንድ ሳትቀር ለቅማ ትቀብር ነበር። ደብተራ እንዳያገኘው ብላ። ኬምስትሪ ነው ያጠናሁት፣ በዚህ አላምንም፤ ግን ፀጉሬን ከነስሜና ከነአድራሻዬ ዋሻ ውስጥ ትቼ ብመጣ ለእናቴ ምን እላለሁ? ሸክላ ገዝቼ ወጣሁ።

መሪጌታ ዘዲማ (ደብረ ወርቅ)፦
ልጄ፣ ደብተራው ሁሉ የፀጉር ነጋዴ አይደለም። ስማችንን አታጥፊ።

ሹሩባ፦
የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝ። እናቴን ነው የጠቀስሁት።

ንብ አርቢው (ፍኖተ ሰላም)፦
እስካሁን የተጻፈውን አንብቤ ስስቅ ነበር፤ የእኔ ግን ለጎጃም ሰው የሚገባ ነው። ለንብ እርባታ ትምህርት ስሎቬኒያ ሄጄ ራዶቭሊትሳ የምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ የንብ ማነብ ሙዚየም አየሁ። በ1959 የተቋቋመ፣ በአንድ አሮጌ የመኳንንት ቤት ፎቅ ላይ ያለ ነው። ጠባብ ነው፤ በእርጋታ ያየ ሰው ግን ግማሽ ቀን ይፈጅበታል።

የስሎቬኒያ ገበሬ ቀፎ ከእኛ የተለየ ነው። እኛ ከዛፍ የምንሰቅለው ድቡልቡል ቀፎ ነው፤ የእነሱ ግን የሣንቃ ሣጥን ሆኖ አንዱ በአንዱ ላይ በዳስ ውስጥ ይደረደራል። ታዲያ ንቧ የምትገባበትን የፊት ሣንቃ ከ18ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ እስከ 20ኛው መባቻ ድረስ በሥዕል ያስጌጡት ነበር። ሥዕሉ ንቧ ቀፎዋን እንድትለይ፣ ባለቤቱም የትኛው ሰደደ የትኛው ማር ሰጠ ብሎ እንዲያስታውስ ይረዳል ይላሉ። እኔ ግን ገበሬው ለራሱ ደስታ የሳለው ይመስለኛል። ቅዱሳን አሉ፤ እመቤታችን አለች፤ ጻድቁ ኢዮብ አለ። ከነሱ ቀጥሎ ደግሞ አዳኙ ሞቶ አስከሬኑን እንስሳቱ ተሸክመው ሲቀብሩት! ድቡ፣ ጥንቸሉ፣ አጋዘኑ ተሰልፈዋል። ሰይጣን የሐሜተኛ ሴት ምላስ በመሳያ ሲሞርድ አለ። አሮጊት አስገብቶ ወጣት የሚያወጣ ወፍጮም አለ። ስድስት መቶ ያህል ዓይነት ሥዕል ተቆጥሯል።

አሁን ወደ ቪየና ለሚሄደው ወንድማችን የሚሆን ነገር ልንገረው። አንቶን ያንሻ የሚባል የዚያ አገር ገበሬ ልጅ ሥዕል ሊማር ቪየና ሄደ፤ በ1770 እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ ባቋቋመችው ትምህርት ቤት የንብ እርባታ መምህር ሆኖ ተሾመ። የዓለም የንብ ቀን ግንቦት 12 የሚከበረው የእሱን ልደት ተከትሎ ነው፤ በፈረንጆቹ ሜይ 20 ማለት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ይህን ያጸደቀው በ2017፣ በስሎቬኒያ ጠያቂነት ነው። ከሁለት ሚሊዮን ብዙም የማይበልጥ ሕዝብ ያላት አገር ናት። የእኛ ማር የጠጅ ቤቱን ሁሉ ጠግኖ፣ ሰሙ ጧፍ ሆኖ ስንት ቤተ ክርስቲያን አብርቶ፣ እስካሁን አንድ ቀፎ በመስታወት ውስጥ አላስቀመጥንም። የአያቴ ቀፎ፣ የሸንበቆ፣ በእበትና በአመድ የተመረገ፣ አሁንም ጓዳ ተቀምጧል። አይጥ እየበላው ነው።

የሞጣዋ፦
ሽጥልኝ። ከእንዶዱ ጎጆ ደጃፍ አቆመዋለሁ።

ንብ አርቢው፦
በነፃ ውሰጂው፤ ትራንስፖርቱን ብቻ ቻይ።

በነገራችን ላይ ከዚያ በአውቶቡስ ወደ ዛግሬብ ተሻግሬ የተለያዩ ፍቅረኞች ሙዚየምንም አይቻለሁ። ኦሊንካ ቪሽቲትሳና ድራዠን ግሩቢሺች የሚባሉ ሁለት ሰዎች ፍቅራቸው ሲያበቃ የጋራ ዕቃቸውን ምን እናድርገው ብለው የጀመሩት ነው፤ ቋሚ ቤት ያገኘው በ2010 ነው። ሰው ከየአገሩ የቀድሞ ፍቅረኛውን ዕቃ ከታሪኩ ጋር ይልካል። አንዲት የበርሊን ሴት የላከችው መጥረቢያ አለ፤ ጥላት የሄደችውን ወዳጇን የቤት ዕቃ በየቀኑ እየፈለጠች ልቧን ያሳረፈችበት ነው። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ገብቶ ዕቃው ለሁለት ይከፈል ነበር።

የቡሬ ነጋዴ፦
ስቀልድ ውዬ እኔም ልናገር። ለዕቃ ቻይና፣ ይዉ ገበያ እመላለሳለሁ፤ የምወርደው ሃንግዡ ነው። ዕቃ የሚያቀርብልኝ ሰው አንድ ቀን ጭነቱ ሲዘገይ፣ እንዳልቆጣ ብሎ ነው መሰለኝ፣ በትልቁ ቦይ ዳር ያለው የጃንጥላ ሙዚየም ወሰደኝ። አዎ፣ የጃንጥላ። አጠገቡ ደግሞ የማራገቢያ፣ ቀጥሎ የመቀስና የቢላዋ ሙዚየም አለ። በነፃ ነው። የቀርከሃ አጥንት ሰንጥቀው፣ ወረቀት ለብጠው፣ ዝናብ እንዳያሳልፍ ዘይት ይቀቡታል። ለጥምቀት ታቦት የሚያጅበውን ባለ ዘርፍ ጥላ ለምናውቅ ሰዎች ጉዳዩ እንግዳ አይደለም። ጭነቱ ግን አሁንም ዘግይቷል።

ሰናፍጭ (ከአሜሪካ፣ የደጀን ልጅ)፦
ዊስኮንሲን የሰናፍጭ ሙዚየም አለ። የግዛቱ ምክትል ዓቃቤ ሕግ የነበረ ሰው በ1986 የሚደግፈው የቤዝቦል ቡድን ሲሸነፍ ንዴቱን ለመርሳት ሱፐርማርኬት ገብቶ ሰናፍጭ መሰብሰብ ጀመረ፤ በኋላ ሥራውን ጥሎ ሙዚየም ከፈተ። ከየአገሩ የመጣ በሺህ የሚቆጠር ብልቃጥ አለ፤ እያቀመሱ ነው የሚያስጎበኙት። ቀመስሁ። የእናቴ የጾም ሰናፍጭ አፍንጫ የሚሰነጥቀውን ያህል አንዱም አልሰነጠቀኝም።

መሪጌታ ዘዲማ፦
ልጆቼ፣ እናንተ እንግዳ ነገር ፍለጋ ትሄዳላችሁ፤ ፈረንጁ ደግሞ ወደ እኛ ይመጣል። ዳጋ እስጢፋኖስ ደሴት ላይ የነገሥታቱ ዓፅም በመስታወት ሣጥን ውስጥ አርፏል፤ ዐፄ ይኩኖ አምላክ፣ ዐፄ ዳዊት፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ ዐፄ ዘድንግል፣ ዐፄ ፋሲል። ከመካከላችሁ ታንኳ ተሳፍሮ ሄዶ ያየ ስንት ነው?

የሞጣዋ፦
የኔታ፣ ሴት ወደ ዳጋ አትገባም። ሰይዳ ገባሁ እንጂ ዳጋ አልገባሁም። ዘጌ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ያለውን ዕቃ ቤት ግን አይቻለሁ፤ ዘውዱንም ብራናውንም።

የጣና ዳር ልጅ፦
እኔ ጣና ዳር እየኖርሁ ዳጋን አላየሁም፤ ስለዚህ ዝም ብያለሁ። ንብ አርቢው፣ ከቪየና ራዶቭሊትሳ በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል?

ንብ አርቢው፦
አይቻልም። እስከ ልዩብልያና ብቻ በባቡር ስድስት ሰዓት ያህል ነው።

ከቪየና (የቢቸና ልጅ)፦
ቪየና ለሚመጣ ሰው ስለ ስሎቬኒያ ትመክሩታላችሁ? እዚሁ የቀብር ሙዚየም አለልህ፤ በማዕከላዊው መካነ መቃብር፣ ቤቶቨንና ሹበርት ባረፉበት ግቢ፣ በሁለተኛው በር በኩል። ብዙ ሰው ቆሞ የሚያየው ከታች የሚከፈተውን ሣጥን ነው። ንጉሠ ነገሥት ዮሴፍ 2ኛ በ1784 እንጨት እንዳይባክን ብሎ ያዘዘው ነው። አስከሬኑ በከረጢት ይሰፋል፣ ሣጥኑ ከጉድጓዱ በላይ ይቆማል፣ ማንሻው ሲሳብ ወለሉ ይከፈትና አስከሬኑ ይወርዳል፤ ሣጥኑ ለሚቀጥለው ሟች ይመለሳል። ሕዝቡ አሻፈረኝ ስላለ ብዙም ሳይቆይ ትእዛዙን ሻረው። ከነሕይወቱ እንዳይቀበር የፈራ ሰው ከመቃብር ውስጥ የሚጎትተው ደወልም አለ።

መሪጌታ ዘዲማ፦
አባቶቻችን በሰሌን ተጠቅልለው ነው ያረፉት። ያ ንጉሥ ሰሌን ቢያውቅ ኖሮ ከሕዝቡ ጋር ባልተጣላ።

የጣና ዳር ልጅ፦
ወሰንሁ፤ የቀብሩን ነው የማየው። እንዴት ነው የምሄደው?

ከቪየና (የቢቸና ልጅ)፦
71 ቁጥር ትራም ተሳፈር። የዚህ አገር ሰው አንድ ሰው ሲሞት «71 ቁጥርን ተሳፈረ» ይላልና አሠልጣኞችህ የት ዋልህ ሲሉህ ቁጥሩን አትጥቀስባቸው። አንደኛው በር ላይ እንዳትወርድ፤ ግቢው ሰፊ ስለ ሆነ በእግር ትደክማለህ። የሚከፈትበትን ሰዓት አስቀድመህ አረጋግጥ። የመታሰቢያ ሱቁ በአሻንጉሊት ብሎክ የሚገጣጠም የአስከሬን መኪና ይሸጣል፤ ማርም አለ፣ እዚያው መቃብሩ ግቢ ካሉ ቀፎዎች የተቆረጠ።

ንብ አርቢው፦
ከመቃብር ቦታ? ወንድሜ፣ አንድ ብልቃጥ አምጣልኝ፤ ዋጋውን ባሕር ዳር መጥቼ እከፍላለሁ። ከምን አበባ እንደ ቀሰሙት ጠይቅልኝ፤ ቀለሙንም ፎቶ አንሥተህ እዚህ ለጥፈው።

የቡሬ ነጋዴ፦
ለእኔ የአስከሬን መኪናውን። ዋጋውን አስቀድመህ ንገረኝ እንጂ።